የሦስት ዓመት መርዶ

ሐምሌ ሲገባ አባቴን ጉንፋን ያዘው። ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው።

ጁምዓ ከዐስር ሶላት በኋላ እንደ ወትሮው ለአያቴ ደወለ። ድምፁ ታፍኗል፤ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ። «አባዬ፣ ትንሽ ብርድ መቶኝ ነው፣ አታስብ» አለ። ሥራው ሰመራ፣ የፀሐይ ኃይል ማመንጫው ላይ ነው፤ ማለቴ፣ ነበር። ሰመራ በሐምሌ ሃምሳ ዲግሪ ትደርሳለች፤ መንገዱም በሙቀቱ እስከ መስከረም ይዘጋል። እዚያ ማንን ነው ብርድ የሚመታው? የሟች ድምፅ በማሽን እየሠሩ የሚያስደውሉት የአደራ ድምፅ ሰዎች ግን ጉንፋን የሚልኩት በጅምላ ነው፤ ክረምት ከገባ ለሟች ሁሉ እኩል ያድላሉ። እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። የተበላሸ ስፌት ማየት እንጀራዬ ስለሆነ እንዲህ ያለ ግድፈት ስሰማ እጄን ያሳክከኛል። አያቴ ግን ምንም አልጠረጠረም። «ዝንጅብል አፍልተህ ጠጣ» አለው።

አያቴ አመዴ ይመር ይባላል። ዘጠና አንድ ዓመቱ ነው፤ እኔ አብዬ እለዋለሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ቦርከና ወንዝ አጠገብ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አብረን እንኖራለን። ሙሄ የእሱ ልጅ፣ የእኔ አባት ነው። ሙሄ ሲሞት አብዬ ገና ከስትሮክ እያገገመ ነበር። «ይህን ከሰማ ልቡ አይችልም» ተባለና አልተነገረውም። በሳምንቱ አክስቴ ዘሀራ አደራ ድምፅ ቢሮ ሄዳ ፈረመች፤ በቀጣዩ ጁምዓ አባቴ ደወለ።

ይህ በእኛ ሰፈር ብርቅ አይደለም። ቢያንስ አርባ ሟች ወደ ቤቱ ይደውላል። ሰው ሲሞት የሰፈሩ ቅሬ፣ ዕድራችን ማለት ነው፣ በስልክ መልእክት ይልካል፤ ከሟቹ ስም በታች «ያልሰማ አለ» ይልና ያልሰሙትን ይዘረዝራል። ስለዚህ ማንም ሰው ጎረቤት ከመግባቱ በፊት በር ላይ ቆሞ ስልኩን ያያል። ልጆች እንኳ ለምደውታል። አንዴ የዳቦ ቤቱ ሚስት ሳታይ ገብታ፣ አልጋ ላይ ለዋሉ አሮጊት «አላህ ይዘንለት» ብላ ጀምራ፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ይነሳታል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? የአብዬን መርዶ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ዶሮ አርቢው ያውቀዋል፤ ክትባት ሊሰጡ የሚመጡት ያውቁታል። እሱ ብቻ ዘወትር ጁምዓ ጥምጣሙን አስተካክሎ፣ ስልኩን ትራሱ ላይ አስደግፎ ይጠብቃል።

እኔ አባቴን ቁጭ ብዬ አላለቀስኩትም። ያልሰማ ያለበት ቤት ልቅሶ አይገባም። ከሰመራ ቀብሬው የመጣሁ ዕለት ፊቴን ታጥቤ፣ «አባትሽ እንዴት ነው?» ሲለኝ «ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሃል» አልኩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ዕቃ እያጠብኩ፣ የሞተ አባቴ ከወዲያኛው ክፍል ሲስቅ እሰማለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ውሃውን ዘግቼ እቆም ነበር። በኋላ ለመድኩት፤ የሚያስፈራኝም መልመዴ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። አብዬ ከልጁ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር።

እናቴ ሐዋ የሞተችው እኔ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። አብዬ ገና ከጋብቻው ጀምሮ አልወደዳትም፤ አባቷ በመሬት ክስ መስክሮበት ነበርና «የዚያ ሰው ልጅ ደጄን አትረግጥም» ብሎ ምሎ ነበር። እሷም አልረገጠችም። ስትሞት ጀናዛዋ በአብዬ በር ፊት ለፊት አለፈ፤ ወደ መቃብሩ ሌላ መንገድ የለም። ጠላትም ቢሆን ጀናዛ ሲያልፍ ይወጣል፣ ሰባት እርምጃ እንኳ ይሸኛል። የአብዬ በር አልተከፈተም። አባቴ ቃሬዛውን ተሸክሞ ነበር፤ በሩን አይቶ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ይልካል፣ መድኃኒት ይልካል፣ ሰላም ይላል፤ ያቺን ቀን ግን አንድም ቀን አላነሳትም።

አብዬ ማንሳት የጀመረው ከታመመ በኋላ ነው። ጁምዓ በመጣ ቁጥር፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሙሄ፣ ልጄ፣ ያንን የሐዋን ነገር አፉ በለኝ» ይላል።

ድምፁም «አባዬ፣ መድኃኒትህን ወሰድክ?» ይለዋል።

መመሪያ ነው። ድምፅ ውርስ አይናዘዝም፣ አይመሰክርም፣ ይቅር አይልም። አንድ አገር ላይ የሟች ድምፅ ገዳዩን ይቅር ብሎ፣ ቤተሰብ ታርቆ፣ በኋላ ድምፁ የማን እንደሆነ ሲታወቅ ሌላ ደም ፈሰሰ ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ ተከለከለ። ቢሯቸው ደውዬ ለምኛለሁ። «እህቴ፣ እኛም ወላጅ አለን፣ ግን መመሪያ ነው» አሉኝ። እኔም በበኩሌ ዋሸሁ፤ «አባቴ አፉ ብሎሃል አብዬ፣ ለኔ ነግሮኛል» አልኩት። «ታዲያ ለኔ ለምን አይለኝም?» አለ። «እየሰማሁት፣ እየሰማኝ፣ ዝም ይለኛል እኮ!»

እንግዲህ ልቡ እንዳይሰበር ብለን ነው ይህን ሁሉ ያደረግነው። ወይ እኛ!

በነሐሴ መጀመሪያ አብዬ ጠንቶበት ብንወስደው ሐኪም ቤቱ ወደ ቤት መለሰው። አብራ የመጣችው ነርስ አልጋው ሥር ያለውን የልብ ምት መለኪያ አየችና፣ ወደ ውጭ ጠርታኝ፣ «ሳምንት ከቆየ ብዙ ነው። የሚወደውን ስጡት» አለችኝ። የሚወደው ነገር ምን ቀርቶ? ውሃ እንኳ በጥጥ ነው ከንፈሩን የማርስለት። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጠዋለሁ፤ ጀርባው እንዳይቆስል ቅባት እቀባዋለሁ። እንደ ሕፃን ቀልሏል። ዓይኑን ሲገልጥ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ዛሬ ምንድን ነው?»

«ረቡዕ ነው አብዬ።»

«ጁምዓ ስንት ቀን ቀረው?»

ጁምዓ ደረሰ። ስልኩ ጠራ። ጉንፋኑ ለቆታል። «አባዬ! እንዴት ዋልክ? ዛሬ ድምፅህ ደከመብኝ» አለ፣ ያ የጠገበ፣ ለስላሳ ድምፅ።

አብዬ ሰላምታውን አልመለሰም። «ሙሄ፣ እየሄድኩ ነው። አፉ በለኝ» አለ።

«መድኃኒትህን ወሰድክ?»

«ልጄ፣ በአላህ ይሁንብህ። አፉ በለኝ።»

«እዚያ ዝናቡ እንዴት ነው? ቦርከና ሞላ?»

«አፉ በለኝ ሙሄ!» ይህን ያለው ጮኾ ነው፤ ያ ድምፅ ከዚያ ደረት እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

«ራቢያ ደህና ናት? ሰላም በልልኝ።»

ራቢያ እኔ ነኝ፤ ስልኩን ዘጋሁት። አብዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አልማረኝም» አለ። «ይኸው ነፍሴ እየወጣች እንኳ አልማረኝም።» ቀኑን ሙሉ ጥጡን ሲያይ አፉን ገጠመብኝ።

ቅዳሜ አክስቴ ዘሀራ መጣች። አብዬ እንዳይሰማን ብዬ ወደ ጓሮ ወሰድኳትና «መርዶውን ልንነግረው ይገባል» አልኳት።

«አበድሽ?» አለችኝ። «ሦስት ዓመት የተሸፈነውን፣ ሦስት ቀን ቀርቶት? ትገድዪዋለሽ!»

«እየሞተ ነው እኮ አክስቴ። ልጁ እንደጨከነበት አምኖ ነው የሚሞተው።»

«የሟች ቃልስ? ሙሄ ራሱ አይደል ‹ለአባዬ እንዳትነግሩት› ያለው? ለማን ነው ያለው? ላንቺ አይደል?»

እውነት ነው፤ ለእኔ ነው። ሰመራ ሆስፒታል ሳንባው ተይዞ ሦስት ቀን አጠገቡ ነበርኩ። በመጨረሻው ጭንብሉን ከአፉ አንስቶ «ለአባዬ እንዳትነግሩት» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ቤተዘመድ ሁሉ ለአባቱ ልብ ሳስቶ ነው አለ። እኔ ግን አንድም ቀን እንዲያ መስሎኝ አያውቅም። የሚስቱን ጀናዛ ሳይሸኝ የቀረ አባት የእኔንም አይሸኝ ያለ ነው የመሰለኝ። የሐዋ ልጅ ነኝና ደስም ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። እሺ ብዬ ቃሉን የጠበቅሁት ለአብዬ አዝኜ ብቻ አይደለም።

«የሟች ቃል ይፍረስብኝ» አልኳት። «ኃጢአቱ በእኔ።»

አክስቴ አለቀሰች። በመጨረሻ «ካደረግሽው በወጉ አድርጊው» አለች።

በወጉ ማለት ሽማግሌ ይዞ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው። ድሮ መርዶ እንዲያ ነበር የሚነገረው። የሚነግሩትም ሰዎች የታወቁ ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ሼህ እንድሪስ ገና በሕይወት አሉ፤ አርባ ዓመት ለዚህ ሰፈር መርዶ የነገሩ ሰው። አሁን የሚጠራቸው የለም፤ ቲማቲም ያለማሉ። እሑድ ቤታቸው ሄጄ ስነግራቸው እጃቸውን ከጭቃው ታጥበው ተቀመጡ።

«የሦስት ዓመት መርዶ ነግሬ አላውቅም» አሉ። «የቀዘቀዘ መርዶ ከትኩሱ ይብሳል ልጄ። ትኩሱ ቢያንስ አያሳፍርም።»

«እምቢ አሉኝ እንዴ?»

«ማን እምቢ አለ? እንዴት እንደምጀምረው እያሰብኩ ነው እንጂ።»

ሰኞ ከሱብሒ ሶላት በኋላ መጡ፤ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለዋል፤ አክስቴም ነጠላዋን አዘቅዝቃ አብራቸው ነበረች። አብዬን በትራስ ደግፌ ቀና አድርጌዋለሁ። በሩ ሲከፈት፣ በዚያ ሰዓት አራት ሰው ተከታትሎ ሲገባ አየ። የድሮ ሰው ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

«ማን ነው?» አለ።

ሼህ እንድሪስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጁን ያዙት። «አመዴ፣ ሁላችንም የአላህ ነን፤ ወደርሱም ተመላሾች ነን» አሉ።

«ሙሄ ነው?»

«ሙሄ ነው።»

«መቼ?»

ሼህ እንድሪስ የያዙትን እጅ ጠበቅ አደረጉት። «ሦስት ዓመት አለፈው» አሉ።

አብዬ ስልኩን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። «ታዲያ... የጁምዓው?»

አክስቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቀስ እያለ ገባው፤ ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁት። እኔ የጠበቅሁት እሪ ይላል፣ ወይም ልቡ ቀጥ ይላል ብዬ ነው። አብዬ ግን «አልሐምዱሊላህ!» አለ። «ጨክኖብኝ አይደለማ! ሞቶ ነዋ!» ሳቀ፤ ጥርስ በሌለው አፉ፣ ወላሂ ሳቀ። ወዲያው ያለው ነገር ለራሱ ተሰማውና ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «ምን አልኩ? ልጄ ሞቷል ተብዬ ምን አልኩ? ሙሄ! ሙሄዬ!»

ያኔ አክስቴ ልቅሶዋን ለቀቀችው። እኔም ለቀቅሁት። የሦስት ዓመት ልቅሶ እንዲህ ይመስላል ለካ፤ መቆሚያ የለውም፤ ሼህ እንድሪስ «በቃ፣ በቃ ልጄ፣ አላህን አታስቀይሚ» እያሉ ትከሻዬን ይዘው ነበር። ጎረቤት አጥሩን ተደግፎ ያዳምጣል። ያልሰማ የነበረበት ቤት ሰማ።

ልቅሶው ሲበርድ አብዬ «ማነው እንዳልሰማ ያደረገኝ?» ብሎ ጠየቀ። ቁጣ የለውም።

«እሱ ራሱ ነው አባዬ» አለች አክስቴ። «‹ለአባዬ እንዳትነግሩት› ብሎ ተናዘዘ።»

አብዬ ዓይኑን ከእሷ አንስቶ ወደ እኔ አዞረ። «አንቺ ነበርሽ አጠገቡ። በምን ድምፅ አለው?»

«እንዴት በምን ድምፅ?»

«ተቆጥቶብኝ ነው? ወይስ ሳስቶልኝ? አባቱ አይደለሁም? ብትነግሪኝ አውቀዋለሁ። እንዴት አድርጎ አለው?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ክፍሉ መጣልኝ፤ ቢጫው መጋረጃ፣ የጭንብሉ ላስቲክ ጉንጩ ላይ የተወው መስመር፣ እጄን የያዘበት ጉልበት። አፉ ተከፈተ። ለአባዬ እንዳትነግሩት አለ። ያለው ግን በጁምዓው ድምፅ ነው። የጠገበ፣ ለስላሳ፣ ትንፋሽ የማያጥረው። እንደገና ሞከርኩ። የአባቴ ድምፅ የተሰነጠቀ እንደነበር አውቃለሁ፤ ማወቄን አውቃለሁ፤ ግን አልሰማውም። ሦስት ዓመት፣ በየሳምንቱ፣ አንድ ክር እየመዘዙ ሌላ ክር እያስገቡ ጨርሰውታል። ይኸው ሥራዬ የተበላሸ ማየት የሆነው እኔ አጠገቤ ሲያልቅ አላየሁም።

«አላስታውሰውም አብዬ» አልኩ። ብዋሽ ይሻል ነበር። ውሸት ግን አፌ ላይ ሞቶ ነበር ያን ሰዓት።

ዓይኑን ስልኩ ላይ ተከለ። «እኔም ልሰማው ሞከርኩ» አለ በኋላ። «ያ የስልኩ ነው የሚመጣብኝ።»

ሽማግሌዎቹ ወደ ሳሎኑ ወጥተው ከቁርኣን ያሲንን መቅራት ጀመሩ፤ አክስቴ ሰው ልትጠራ ሄደች። እኔ ጥጡን አርሼ ከንፈሩ ላይ አደረግሁለት፤ ተቀበለኝ።

«ራቢያ።»

«አቤት።»

«የእናትሽ ጀናዛ ሲያልፍ ጫማዬን አድርጌ ነበር» አለ። «ጋቢዬን ለብሼ መወርወሪያውን ይዤ ቆምኩ። የሰዉ ኮቴ ይሰማኛል። ስቤ መክፈት ብቻ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልከፈትከውም?»

«ያን ያህል ምዬ፣ አሁን ብወጣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ። ኮቴው አለፈ። ካለፈ በኋላ ከፈትኩት፤ መንገዱ ላይ ሰው የለም።» ዓይኑ ከዓይኔ ላይ አልተነሳም። «አንቺስ? አፉ ትይኛለሽ?»

ይህ ጥያቄ ለእኔ ሲቀርብ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ሦስት ዓመት ስልክ ለመነ። ገላውን የማጥበው እኔ፣ ጀርባውን የምቀባው እኔ፣ የዚያች ሴት ልጅ እኔ፣ ዕቃ እያጠብኩ ከወዲያኛው ክፍል እየሰማሁት፣ አንድ ቀን ዞር ብሎ አልጠየቀኝም። አሁን ሌላ የሚጠየቅ ሲጠፋ እኔ ታየሁት። ልለው ነበር፤ ወላሂ ልለው ነበር። ትንሽ ላስጠብቀው ብቻ ነው የፈለግሁት፤ እናቴን ያስጠበቃትን ያህል እንኳ አይሆንም።

«ነገ እነግርሃለሁ» አልኩት።

«እሺ» አለ። «ነገ።» እንደ ታዘዘ ልጅ ዓይኑን ጨፈነ።

ከዙሁር ሶላት በኋላ አንሶላውን ልሰጣ ውጭ ነበርኩ። አክስቴ ስሜን ጠራች፤ ከአጠራሯ አወቅሁት። ስገባ ሼህ እንድሪስ ዓይኑን ከድነውለት ነበር። «በሰላም ሄደ» አሉኝ። «መርዶውን ሰምቶ፣ አልቅሶ፣ እንደ ሰው ሄደ። ደግ አደረግሽ።» ሰው ሁሉ ሦስቱን ቀን እንዲህ ሲለኝ ከረመ። እጄን እየሳሙ መረቁኝ። ከእኛ ወዲህ ሁለት ቤት ሽማግሌ ልኮ መርዶውን ነገረ አሉ።

ሐሙስ ጠዋት ተነስቼ አደራ ድምፅ ቢሮ ሄድኩ። ወንበሮቹ ሞልተው ነበር፤ ተራዬን ጠበቅሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ሹሩባዋን ያማረ ተሠርታለች፤ ስታናግረኝ ዓይኗ ከሰሌዳው አልተነሳም።

«የሟች ስም?»

«አመዴ ይመር።»

«ያልሰማው ሰው?»

«ራቢያ ሙሄ።»

«ዝምድና?»

«የልጅ ልጅ።»

መታወቂያዬን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ስሙን ጻፈችው። «መመሪያውን መንገር ስላለብኝ ነው እንጂ ሳታውቂው አትቀሪም» አለች። «ድምፁ ይቅር አይልም።»

«ይቅር የሚለው እሱ አይደለም» አልኳት። «እኔ ነኝ። ስለው ይሰማኛል?»

«ይሰማሻል» አለች፤ መፈረሚያውን ወደ እኔ አዞረችው።